«አባባ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» - የኮቡርግ ከተማ አርማና የልጅ ልጄ ጥያቄ

ባለፈው ዓመት ጀርመን አገር የምትኖረው ልጄ ዘንድ ሄጄ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ተቀምጬ ተመልሻለሁ። የምትኖረው ከባለቤቷና ከአንድ ልጇ ጋር ኮቡርግ በምትባል ከተማ ነው። ኮቡርግ በባቫሪያ ክፍለ ግዛት በስተሰሜን የምትገኝ፣ አርባ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ከኮረብታዋ ላይ ትልቅ ምሽግ ቁልቁል ያያታል፤ ከምሽጉ ሥር የድሮ ቤቶች፣ ጠባብ የድንጋይ መንገዶችና አንድ ሰፊ የገበያ አደባባይ አሉ። ለእንደኔ ያለ ጡረተኛ መምህር ቀስ ብሎ ለመንሸራሸር የምትመች ናት።

ልጄም ባለቤቷም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሚውሉ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት የማምጣቱ ኃላፊነት የእኔ ሆነ። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ቃሉ ሲጠፋው በጀርመንኛ ይሞላዋል። እኔም ጀርመንኛ ስለማልችል የቀረውን በእጅና በዓይን እንጨርሰዋለን። እንዲህ እየተግባባን ነው ይህን ታሪክ አብረን ያጠናነው። ለእናንተም ለወላጆችና ለአያቶች ይጠቅም ይሆናል ብዬ አቀረብኩት።

«አልረግጠውም»

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ አንዳንድ ቦታ ላይ ዘለል ይላል። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። እኛም በልጅነታችን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ላለመርገጥ እንዘል አልነበር? በሦስተኛው ቀን ግን ልብ ብዬ ሳየው የሚዘለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖችን ብቻ ነው። «ለምንድነው የምትዘለው?» አልኩት።

«አልረግጠውም፤ ሰው ነው» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብረቱ ላይ የሰው ራስ ተቀርጿል። ጸጉሩ ከርዳዳ፣ ከንፈሩ ወፈር ያለ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ያደረገ ጥቁር ሰው። አዲስ አበባ ቢሆን ክዳኑ ራሱ ተነቅሎ ተሸጦ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቀን ነበር ብዬ ልቀልድ አሰብኩ። ግን የልጁን ፊት ሳየው ቀልዱ አፌ ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለኝ። አላወቅሁም። «ለማወቅ እሞክራለሁ» ብዬው እጁን ይዤ ሄድን።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ራስ የማላየው ቦታ አልነበረም። የከተማዋ አርማ እሱ ነውና ባንዲራው ላይ አለ፤ ማስታወቂያው ላይ አለ፤ ግድግዳው ላይ አለ። ወርቃማ ጋሻ፣ በመካከሉ የጥቁር ሰው ራስ። የከተማው ሰው «ኮቡርገር ሞር» ይለዋል።

ባዶ የቀረው ራስ

በሳምንቱ ልጁ የቤት ሥራ ይዞ መጣ። በባቫሪያ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ስለሚኖሩባት ከተማ ይማራሉ፤ የቤት ሥራውም የከተማዋን አርማ ሥሎ ስለሱ ጥቂት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበር። ማታ ደብተሩን ስናይ ጋሻው በጥንቃቄ ተሥሏል፤ ቢጫውም ተቀብቷል። ራሱ መሆን ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው።

እናቱ «ለምን አልጨረስክም?» ስትለው ዝም አለ። ደጋግማ ስትጠይቀው እንባው መጣ። ለካስ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አርማውን አሳይቶ «ይሄ አንተ ነህ» ብሎት ሌሎቹ ስቀዋል። በክፍሉ ውስጥ ጥቁር ልጅ እሱ ብቻ ነው።

በዚያች ምሽት ቤቱ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ልጄ «ነገ ሄጄ አስተማሪዋን አናግራታለሁ፤ ይሄ ነገር እንዲህ አይቀርም» አለች። ባለቤቷ «ተይው እባክሽ፣ ልጆች ናቸው፤ ነገ ይረሱታል። ነገሩን ባጎላነው ቁጥር እሱን ነው የሚያሳፍረው» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ልጁ የጠየቀኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እሱ ክሰሱልኝም ተዉልኝም አላለም። «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ነው ያለው። ያንን ሳይመልሱ ክሱም ዝምታውም ምን ይጠቅመዋል?

«እስቲ ጥቂት ቀን ስጡኝ» አልኳቸው። በማግሥቱ ከልጄ ጋር ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄድን። እንግሊዝኛውን እኔ አነባለሁ፤ ጀርመንኛውን እሷ ትተረጉምልኛለች። ያገኘነውን ከዚህ በታች አቅርቤዋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከግብፅ የመጣው የጦር አለቃ

አርማው ላይ ያለው ሰው ቅዱስ ነው። ስሙ ማውሪሺየስ ይባላል፤ ጀርመኖች ሞሪትስ ይሉታል። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሮም ሠራዊት ውስጥ የአንድ ሌጌዎን አለቃ ነበር ይባላል። ሌጌዎኑ የተመለመለው ከላይኛው ግብፅ፣ ከቴብስ አካባቢ ነው። የዛሬዋ ሉክሶር ማለት ነው። ወታደሮቹ ክርስቲያኖች ነበሩ።

ገድሉ እንደሚለው ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚያን ይህን ሠራዊት ወደ አልፕስ ተራሮች አዘመተውና ለአማልክት እንዲሠዋ፣ ክርስቲያኖችንም እንዲያሳድድ አዘዘው። ማውሪሺየስና ወታደሮቹ «ለንጉሥ እንታዘዛለን፤ ይህን ግን አናደርግም» አሉ። ንጉሡ ከየአሥሩ አንድ ሰው እንዲገደል አዘዘ። እምቢ አሉ። ደግሞ ከየአሥሩ አንድ ተገደለ። አሁንም እምቢ አሉ። በመጨረሻ ሁሉም ተገደሉ። ቦታው ዛሬ በስዊዘርላንድ ውስጥ በእሱ ስም ሳን ሞሪስ ይባላል። ታሪኩን በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የሊዮን ጳጳስ ኤውኬሪየስ የሟቾቹን ቁጥር 6,600 ያደርሰዋል። የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ቁጥሩንም ዝርዝሩንም ይጠራጠሩታል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ግን እስከ ዛሬ መስከረም 22 ቀን ታከብረዋለች።

በአንድ ነገር ተደነቅሁ። ይህ ሰው ዝናው የወጣው ብዙ ሰው በመግደሉ አይደለም። ታጥቆ እያለ፣ መሣሪያ በእጁ እያለ፣ ንጹሐንን አልነካም በማለቱ ነው።

ነጭ ሆኖ ይሣል የነበረው

«ታዲያ ጀርመን አገር ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። የጀርመኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ኦቶ በ937 በማግደቡርግ ከተማ በቅዱስ ማውሪሺየስ ስም ገዳም አቋቋመ። ኦቶ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ወታደሩ ቅዱስም የመንግሥቱ ጠባቂ ተደርጎ ተቆጠረ። ነገሥታቱ ይዘውት የሚዞሩት ቅዱስ ጦር እንኳ የእሱ ነው ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ግን ሠዓሊዎች የሚሥሉት እንደ ማንኛውም የአውሮፓ ባላባት ነጭ አድርገው ነው።

በ1240ዎቹ አካባቢ በማግደቡርግ ካቴድራል አንድ ሐውልት ቆመ። ቀራጩ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሐውልቱ የብረት ሰንሰለት ጥሩር የለበሰ ወታደር ነው፤ ከጥሩሩ መካከል ብቅ ያለው ፊት ግን የጥቁር አፍሪካዊ ፊት ነው። ቅዱሱ ጥቁር ሆኖ ከተቀረጸባቸው ሥራዎች ቀዳሚው ይህ ነው ይባላል። ፊቱ አያስቅም፤ አያስፈራም። ሰፈር ውስጥ ልታገኙት የምትችሉት፣ ትንሽ የደከመው፣ ቁም ነገረኛ ሰው ይመስላል። ፎቶግራፉን መጽሐፍ ውስጥ ሳየው ለረጅም ጊዜ ገጹን መግለጥ አቃተኝ።

ለምን ጥቁር ሆነ ለሚለው አንዱ ምክንያት ስሙ ነው። ማውሪሺየስ የሚለው ስም «ማውሩስ» ከሚለው የላቲን ቃል ጋር ይቀራረባል፤ ማውሩስ ማለት የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ሰው፣ በኋላም በአጠቃላይ ጥቁር ሰው ማለት ሆነ። ጀርመንኛው «ሞር» የመጣው ከዚሁ ነው። የግብፅ ሰው መሆኑም ታክሎበት ከዚያ ወዲህ በጀርመን ምድር በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጥቁር ባላባት ሆኖ ተሣለ፤ ተቀረጸ።

ኮቡርግ ውስጥ ሁለት የማይተካከሉ ግንቦች ያሉት ቤተ ክርስቲያን በእሱ ስም ይጠራል። ማርቲን ሉተር በ1530 በምሽጉ ውስጥ ግማሽ ዓመት ያህል ሲቀመጥ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰብኳል። ቅዱሱ የከተማዋም ጠባቂ ስለነበር ራሱ የከተማዋ አርማ ሆነ። ልብ በሉ፦ አርማው የተሸነፈ ጠላት ወይም የባሪያ ምስል አይደለም። ከተማዋ «ጠብቀን» ብላ የተጠጋችው ሰው ምስል ነው።

ዱላና ቋሊማ

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዤ ወደ ገበያው አደባባይ ወረድኩ። የማዘጋጃ ቤቱን ጣሪያ አሳየሁት። ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ የወታደር ሐውልት ቆሟል፤ በእጁ አጭር ዱላ ይዟል። «ያውና! ክዳኑ ላይ ያለው ሰውዬ እሱ ነው። መሬት ላይ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆሟል» አልኩት።

ኮቡርጎች ይህን ሐውልት «የቋሊማው ሰውዬ» እያሉ ይጠሩታል። የያዘው ዱላ የከተማዋ ቋሊማ ርዝመት መለኪያ ነው ይላሉ፤ 31 ሴንቲ ሜትር። ቋሊማው አደባባዩ ላይ በጥድ ፍሬ እሳት ይጠበሳል፤ ጭሱ እንደኛ አገር የገና ሰሞን ጥድ ይሸታል። የአሳማ ሥጋ ስላለበት እኔ ዳቦውን ብቻ ገመጥኩ። ልጁ ግን ለእናቱ እንዳልናገር ቃል አስገብቶኝ አንዱን ጨረሰ። ይኸው ዛሬ በጋዜጣ ወጣ።

አደባባዩ መካከል ሌላ ሐውልት አለ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ ነበር። ንግሥቲቱ ሐውልቱን ለከተማዋ የሰጠችው በ1865 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በመቅደላ ጦርነት ማግሥት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ገና በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደና እዚህችው ንግሥት ፊት ቀረበ። በ18 ዓመቱ እዚያው አረፈ፤ የተቀበረውም በዊንድዘር ነው። ሲሞት ንግሥቲቱ በማስታወሻዋ ላይ ልጁ በቀለሙ ምክንያት ሰው የሚያፈጥበት እየመሰለው ይጨነቅ እንደነበር ጽፋለች። ይህን ለልጅ ልጄ አልነገርኩትም። ለእሱ አሁን አይሆንም። እኔ ግን እጁን ይዤ እዚያ ሐውልት ሥር ቆሜ ያን ልጅ አሰብኩት። እሱ በዚያ ዕድሜው የሚጠይቀው አያት በአጠገቡ አልነበረውም።

«ኢትዮጵያዊ ነው?»

ልጁ ቋሊማውን ጨርሶ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ። «አባባ፣ ኢትዮጵያዊ ነው?»

እውነቱን ልናገር፤ «አዎ» ማለት አማረኝ። ዓይኑ «አዎ በለኝ» ይላል። ማን ያጣራብኛል? ደግሞስ ሰበብ ይጠፋል? በላቲን እንዲህ ያለው የአርማ ራስ «ካፑት ኤትዮፒኩም» ይባላል፤ የኢትዮጵያዊ ራስ ማለት ነው። የሙኒክና የፍራይዚንግ ሀገረ ስብከት አርማ ላይ ዘውድ የደፋ ጥቁር ራስ አለ። በ2005 የሮም ጳጳስ የሆኑት በነዲክቶስ 16ኛም የዚያ ሀገረ ስብከት ሊቀ ጳጳስ ስለነበሩ በአርማቸው ላይ አድርገውት ነበር። ነገር ግን በጥንት ግሪኮችና ሮማውያን አነጋገር «ኢትዮጵያዊ» ማለት ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ማለት ነው። ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ይጨምራል።

ሠላሳ ዓመት ልጆች ፊት ቆሜያለሁ። ልጅ ዛሬ በሐሰት ደስ ቢለው ነገ እውነቱን ሲያገኝ ከታሪኩ ጋር እኔንም ያጣኛል። ስለዚህ «አይደለም፤ የግብፅ ሰው ነው ይባላል። ግን የኛም ሰዎች እዚህ አካባቢ መጥተዋል» አልኩትና እውነተኛውን ነገርኩት።

ከኮቡርግ በስተሰሜን፣ ከቱሪንጊያ ደን ማዶ ጎታ የምትባል ከተማ አለች። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በመስፍኑ በኤርንስት ተጋብዘው ወደዚያ መጡ። ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተቀምጠው ስለ አገራችን፣ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚያ ትምህርት የበቀለ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉተርም ኮቡርግ በቆየ በአራተኛው ዓመት፣ በ1534፣ ዊተንበርግ ላይ ሚካኤል ከሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጋር ተገናኝቶ ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል።

የኋላ ዘመን የኮቡርግና የጎታ መስፍን፣ የልዑል አልበርት ወንድም ዳግማዊ ኤርንስት ደግሞ በ1862 ወደኛ አቅጣጫ ተጉዟል። ግብፅን አልፎ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ወዳሉት ወደ ሐባብ፣ መንሳዕና ቦጎስ አገሮች ሄዶ ስለ ጉዞው በሥዕል የተዋበ መጽሐፍ አሳትሟል።

«አባ ጎርጎርዮስ አማርኛ አስተማሩ?» አለኝ ልጁ። «አዎ።» «ለጀርመን ሰው?» «አዎ።» ጥቂት አሰበና «እኔ ግን ጀርመን ሆኜ ከአንተ እማራለሁ» ብሎ ሳቀ።

አርማው የተነሣባቸው ዓመታት

መንገዱን ስንመለስ ስለ አንድ ሌላ ነገር ነገርኩት። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ ልንገር ወይስ ልተው ብዬ ሌሊቱን ሳመነታ ነበር ያደርኩት።

ኮቡርግ ከጀርመን ከተሞች ቀድመው ለናዚዎች እጅ ከሰጡት አንዷ ናት። ሂትለር በጥቅምት 1922 ብዙ መቶ ተከታዮቹን በባቡር ጭኖ ወደዚህች ከተማ መጥቶ በጎዳናዋ ላይ ደብድቧል። በ1929 በተደረገው የከተማ ምርጫ ፓርቲው የምክር ቤቱን አብላጫ ወንበር ያዘ፤ በመላው ጀርመን እንዲህ ሲሆን ኮቡርግ የመጀመሪያዋ ናት። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1934 የጥቁሩ ቅዱስ ራስ ከአርማው ላይ ተነሣ። በምትኩ እጀታው ላይ የናዚ መስቀል ያለበት ሰይፍ ገባ። ዘርን ከዘር የሚያበላልጥ መንግሥት ጥቁር ጠባቂ አያስፈልገውም ነበር። ያ ዓመት ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ከመውረሩ በፊት ያለው ዓመት መሆኑን የኔ እኩዮች ልብ ይሉታል።

በ1945 የናዚ መንግሥት ወደቀ። ሰይፉ ተነሣ፤ ጥቁሩ ራስ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ጥቁር ስለሆነ ነው ያወጡት?» አለኝ ልጁ።

«አዎ።»

«ከዛ ሰዎቹ ሄዱ፣ እሱ ተመለሰ?»

«አዎ።»

ምንም አላለም። ቤት እስክንደርስ ግን እጄን አጥብቆ ይዞኝ ነበር።

የዛሬው ክርክር

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ልጄን «ስለዚህ አርማው መልካም ነው፤ አርፋችሁ ተቀመጡ» ብላት አሳስታታለሁ። በ2020 አርማው እንዲለወጥ የሚጠይቅ ፊርማ ማሰባሰብ ተጀምሮ ነበር። ጠያቂዎቹ «ወፍራም ከንፈር፣ ከርዳዳ ጸጉር፣ ሎቲ፤ ይህ ጥቁር ሰውን ነጮች በሐሳባቸው እንደሚሥሉት ነው እንጂ ቅዱሱን አያሳይም። ሞር የሚለው ቃልም ስድብ ሆኗል» አሉ። በሌላ በኩል «ይህ የምናከብረው ቅዱስ ነው፤ ናዚዎች የጣሉትን እኛ ደግመን አንጥልም» ብለው በተቃራኒው የፈረሙም ብዙ ነበሩ። በዚያው ዓመት በበርሊን «የሞር ጎዳና» ይባል የነበረው መንገድ ስሙ ተለውጦ በአንቶን ቪልሄልም አሞ እንዲጠራ ተወስኗል። አሞ በ18ኛው መቶ ዓመት በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ያስተማረ ከዛሬዋ ጋና የመጣ ፈላስፋ ነው።

እኔ ምን አልኩ? ታሪኩ የክብር ነው፤ አሣሣሉ ግን ከክብሩ ጋር አይሄድም። የማግደቡርጉ ቀራጭ ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሰውን ሰው አድርጎ ከቀረጸ፣ ያንን ያህል ማክበር የማይቻል አልነበረም። ልጄ ግን «አባዬ፣ የከተማዋን ነገር የከተማዋ ሰዎች ይወስኑ። እኔም አሁን ከነሱ አንዷ ነኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቡናማ እርሳስ

እሑድ ማታ ልጁ ደብተሩን አወጣ። የማግደቡርጉን ሐውልት ፎቶግራፍ ከመጽሐፉ አጠገቡ ዘረጋሁለት። በመጀመሪያ የሰንሰለት ጥሩሩን ሠራ፤ ትናንሽ ቀለበቶችን አንድ በአንድ። ቀጥሎ ፊቱን። ጥቁሩን እርሳስ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ቡናማዎቹን አሰልፎ እጁ ላይ እያስጠጋ መረጠ። አንዱን እጄ ላይም ሞክሮ «ይሄ ላንተ ነው» ብሎኝ ተወው፤ ሌላውን ለራሱ ያዘ። ሎቲ አላደረገለትም። ከሥሩ በጀርመንኛ አራት ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ እናቱ ተረጎመችልኝ፦ «ስሙ ሞሪትስ ነው። ወታደር ነበር። ክፉ ሥራ ሲያዙት እምቢ አለ። ናዚዎች አወጡት፣ ግን ተመለሰ።»

ልጄ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ለክስ ሳይሆን ለወሬ። አስተማሪዋ ስለ ሳቁ አልሰማችም ነበርና ደነገጠች። ታሪኩን ልጁ ራሱ ለክፍሉ እንዲነግር ጠየቀችው። እሱም ነገራቸው። «ይሄ አንተ ነህ» ያለው ልጅ መጀመሪያ እጁን አወጣ አሉ። የጠየቀው ግን «እውነት ዱላው 31 ሴንቲ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ልጆች ናቸው። አማቼም በዚህ በኩል ትክክል ነበር።

እንደኔ ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ በባዕድ አገር የሚያድጉ ወላጆችና አያቶች ብዙዎች ናችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጅ ቀለሙን አንሥተው ሲስቁበት ከመቆጣታችንም ዝም ከማለታችንም በፊት ምን እንደጠየቀን እንስማው። መልሱን ካላወቅን «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» እንበለው። ስናገኘውም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንንገረው፤ የሚያኮራውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳዝነውንም፣ እንደ ዕድሜው እየመጠንን። የእኛ ያልሆነውን የእኛ ነው ማለት አያስፈልግም። የእኛ የሆነው ይበቃናል።

ወደ አገሬ ልመለስ በዋዜማው ለመጨረሻ ጊዜ ከትምህርት ቤት አመጣሁት። ክዳኑ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዱ ዘለለ። «አሁን ማን እንደሆነ አውቀህ የለም እንዴ? ለምን ትዘላለህ?» አልኩት።

«ስላወቅሁት» አለኝ።

እኔም ጉልበቴ እንደፈቀደልኝ ሰፋ አድርጌ ተራመድኩና አለፍኩት።